የባልዲ ኩራዝ

ሥራዬ መንገድ ነው፤ ስወጣ ከጌንት
ዘጠኝ ቀን፣ አስር ቀን፣ ሲከፋም ሁለት ሳምንት፤
ስሄድ ሳሙና ጭኜ፣ ስመለስ ወይን በጠርሙስ፣
ጋቢና ውስጥ እያደርኩ፣ ቤቴ እስክደርስ ድረስ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን፣ መስኮቴ ሥር ተደርድረው
የሚጠብቁኝ አሉ፣ አፍ ሳይኖራቸው የሚጠማቸው፦
ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ጤና አዳም፣ አንድ በሶብላ፣
አንድ ቲማቲም ደግሞ፣ ወገቡን አሞት፣ በዱላ።

ቁልፌ ታች ቤት ነበር፣ በወይዘሮ ጎደሊቭ ዘንድ፤
ዕድሜያቸው ሰማንያ፣ በዚያ ላይ ሌላ አንድ፤
ጡረታ እስኪወጡ ፖስታ ያደሉ፣ በብስክሌት።
ውሃ ላይ ደግ ናቸው፤ ልክ የለውም ያ ደግነት።
አንዴ ከመንገድ ስገባ፣ በሶብላው ሰጥሞ አገኘሁት፤
«ጠማው ብዬ» አሉኝ። ዝም ብዬ ቀበርኩት።

ግን ሁሌ ጠረጴዛዬ ላይ ጋዜጣ ይተዉ ነበር፣
የቃላት ሙላውን ግማሽ ሞልተው፣ ግማሹ ለእኔ እንዲቀር፤
ጠርዙ ላይ በእርሳስ፦ «ቃሪያው አበበ።
ወተትህ ተበላሸ፤ ደፋሁት።»

ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ያራሰው የደጃፉ ድንጋይ
አዳለጣቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ።
አርባ ዓመት ብስክሌት ያልጣላቸውን
ሁለት እርምጃ ጣላቸው።
ቁልፌም በቦርሳቸው ሆስፒታል ገባ፤
እኔ ማክሰኞ ወጪ ነኝ። ማን ያጠጣ?

ማዕዘኑ ላይ ድንች የሚጠብሰው ኑረቲን
በየሳምንቱ ይጥላል የማዮኔዝ ባልዲውን፤
«ስንት ልክፈል?» ብለው፣ «ገንዘብህን ያዘው፣
ቃሪያው ያፈራ ለት ቁጠረኝ እንደ ሰው።»

አንዱን በአንዱ ውስጥ፣ ሁለት ሁለቱን ሰካሁ፤
ምስማር እሳት ላይ አግዬ የላይኛውን ቂጥ በሳሁ።
መጀመሪያ የሞከርኩት የናይለን ካልሲ ነው፤
ናይለን ውሃ አይጠጣም፤ ጾሙን ነው ያደረው።
ከዚያ የጥጥ ካናቴራዬ፣ ብብቱ ያለቀው፣ ተተለተለ፤
ግማሹ አፈር ገባ፣ ግማሹ ታች ውሃ ላይ ተንጠለጠለ።
በቡሽ ላይ የጥብስ እንጨት ተክዬ በቱቦ አሾለክሁ፤
ውሃው ሲሞላ ቀና ይላል፣ ሲጎድል ያቀረቅራል አልኩ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ ያጠናሁበት ኩራዝ፣
ክሩ ከሆዱ እየሳበ የሚጠጣው ነጭ ጋዝ፤
ማንም ሳይገፋው፣ ሽቅብ እየወጣ፣
ከታች ተጎንጭቶ ከላይ ብርሃን ሲያመጣ።
ይኸኛውም ያው ነው፤ ጨርቅ ውሃ ይስባል፤
ያ ቢጫ ነበረ፣ ይህ አረንጓዴ ይነድዳል።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ፤
በሩን ስከፍት፣
ቃሪያው ቆሟል። በሶብላው ደልቧል።
ቲማቲሙ በምርኩዙ አንዲት ፍሬ አቅልቷል።
አንድም አልሞተ፤ አንድም አልሰጠመ።
ደስ አለኝ። ጫማዬን ፈታሁ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቤቱ ዝም አለ።
ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ የለ፤
ወተቱ፣ የሚደፋው አጥቶ፣
ፍሪጅ ውስጥ ቆይቷል፣ ረግቶ።

ነሐሴ ላይ ወይዘሮ ጎደሊቭ ተመለሱ፣
በዱላ፣ እንደ ቲማቲሜ፣ ትንሽ ቀጥነው፣ ትንሽ ከስሰው ሳለ ከንፈራቸው በሳቅ።
ሐኪም ደረጃ አዞላቸዋል፦ በቀን አንዴ፣ ቀስ ብለው፣ ብረቱን ይዘው።
ቁልፌን ዘረጉልኝ፦ «እንካ። ባልዲህ ሥራዬን ወሰደው።»

ያን ሌሊት፣ ልነሳ ስል፣ በኩራዝ እንደማጥፋት
ከበሶብላው ባልዲ ክሩን ሳብኩት።
ታች ወርጄ አንኳኳሁ።
«ሁሉም ራሱን ችሏል» አልኩ፣
«አንዱ ብቻ አስቸገረ። በቀን አንድ ስኒ፣
ከስኒ እንዳይበልጥ፤ አደራ፣ ይስሙኝ እኔን።»

«ስኒ ምን ትደርሳለች» አሉና
ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።